ከአይ7 በስተቀኝ ያለችው ፊደል፦ ስለ ፕሮሰሰር ስሞች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በላፕቶፕ፣ በዴስክቶፕና በስልክ ካርቶን ላይ ስለሚጻፈው የፕሮሰሰር ስም ናቸው። ገሚሱ ቅሬታ ነው፣ ገሚሱ ግራ መጋባት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አጣምረን መልሰናል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ7-1355ዩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዓመት የገዛው ደግሞ ኮር አይ5-1340ፒ ነው። አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ኤክስፖርት ስናደርግ ሁልጊዜ የእሱ ቀድሞ ይጨርሳል። ተጨማሪ ገንዘብ የከፈልኩት አይ7 ከአይ5 ይበልጣል ተብዬ ነው። ላፕቶፔ ችግር አለበት ወይስ ተሸውጃለሁ?

መልስ፦ ላፕቶፕዎ ጤነኛ ነው። አይ7 የሚለው ስምም ሐሰት አይደለም፤ እርስዎ የጠበቁትን ግን አይናገርም። 3፣ 5፣ 7 እና 9 ደረጃ የሚያወጡት በአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ዓመትና በአንድ የኃይል መደብ ውስጥ ብቻ ነው። የኃይል መደቡን የምትናገረው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። በዚያ የኢንቴል (የፕሮሰሰርዎ አምራች) ትውልድ ዩ ማለት 15 ዋት ነው፤ ለቀጭንና ባትሪ ለሚቆጥብ ላፕቶፕ የተሠራ። ፒ 28 ዋት ነው፣ ኤች 45 ዋት፣ ኤችኤክስ 55 ዋት። ዋቱ የሚያሳየው ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ ሲሠራ እንዲወስድ የታሰበውን ኃይል ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። የእርስዎ አይ7-1355ዩ 10 ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የቺፑ ክፍል፤ «ኮር አይ7» ከሚለው የምርት ስም የተለየ ነው) አለው፤ 2 ፈጣኖችና 8 ቆጣቢዎች። ፈጣኖቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ስለሚያስኬዱ ድምሩ 12 ትሬድ ይሆናል። የባልደረባዎ አይ5-1340ፒ 4 ፈጣንና 8 ቆጣቢ ኮር አለው፤ 12 ኮር፣ 16 ትሬድ። ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ ኮሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ሥራ ነው፤ ለደቂቃዎችም ይቆያል። ፈጣን ኮር በእጥፍ ያለውና የተፈቀደለት ዋት በእጥፍ ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ቢቀድም አይገርምም። ሰነድ መክፈት ወይም ድረ ገጽ መጫን ላይ ግን የእርስዎ እኩል ነው፤ እንዲያውም ከፍተኛ ፍጥነቱ 5.0 ጊጋኸርዝ ስለሆነ 4.6 ከሆነው ትንሽ ሊቀድም ይችላል።

አይ7 ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ ምን እንደገዛ ማወቅ ከፈለጉ ማወዳደር ያለብዎት ከአይ5-1335ዩ ጋር ነው። ኮሩም ትሬዱም አንድ ነው፤ ካሽ ሜሞሪውም (ቺፑ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) በሁለቱም 12 ሜጋባይት ነው። ልዩነቱ ከፍተኛው ፍጥነት ከ4.6 ወደ 5.0 ጊጋኸርዝ ማደጉና አብሮት ያለው ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣው የቺፑ ክፍል) ከ80 ወደ 96 ማስሊያ ክፍሎች መጨመሩ ብቻ ነው። በእኛ ግምት ለዚህ ብዙ ገንዘብ መጨመር አያዋጣም፤ ያንኑ ገንዘብ ራም ላይ ቢያውሉት ልዩነቱን በየቀኑ ያዩታል።

ትውልዱም ደረጃውን ሊገለብጠው ይችላል። በ2016 የወጣው አይ7-7500ዩ 2 ኮርና 4 ትሬድ ነበረው። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው አይ5-8250ዩ በዚያው 15 ዋት 4 ኮርና 8 ትሬድ ይዞ መጣ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገበያ ላይ ዛሬም አይ7 የሚለው ስቲከር የመጀመሪያውን ከሁለተኛው አስበልጦ ያሸጣል።

ትውልዱን ለማንበብ ደንቡ እንዲህ ነው። ባለአራት አሃዝ ሆኖ በ2 እስከ 9 ከጀመረ የመጀመሪያው አሃዝ ትውልዱ ነው፤ 8250 ስምንተኛ ነው። ባለአምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ 13500 አሥራ ሦስተኛ። ባለአራት አሃዝ ሆኖ በ1 የሚጀምር ከሆነም ሁለቱን ያንብቡ፤ 1355 አሥራ ሦስተኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ፣ 1065 አሥረኛ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ 1355ን አንደኛ ትውልድ ያደርገዋል። የእውነቱ አንደኛ ትውልድ ባለሦስት አሃዝ ነበር፤ ለምሳሌ አይ7-860።

ለቪዲዮው ግን መፍትሔ አለ። ኤክስፖርት በሚያደርጉበት መስኮት ላይ ኢንኮዲንጉን ከሶፍትዌር ወደ ሃርድዌር ይቀይሩት፤ በኢንቴል ቺፖች ላይ ኩዊክ ሲንክ በሚል ስም ይመጣል። ሥራው ከኮሮቹ ላይ ተነስቶ ለዚሁ ወደተሠራ የቺፑ ክፍል ስለሚሄድ በሁለቱ ላፕቶፖች መካከል ያለው ልዩነት በእጅጉ ይጠባል። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ የዊንዶውስ የኃይል ምርጫም ከፍተኛው ላይ ሆኖ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በሁለት ላፕቶፖች መካከል እየወላወልኩ ነው። አንደኛው ራይዘን 5 7520ዩ፣ ሌላኛው ራይዘን 5 7540ዩ ነው። ራማቸውም ማከማቻቸውም እኩል ሆኖ ሳለ ሁለተኛው በደንብ ይወደዳል። ለ20 ቁጥር ልዩነት ይህን ያህል መጨመር ተገቢ ነው?

መልስ፦ ይህ ቁጥር የሚነበበው አሃዝ በአሃዝ ነው። የራይዘን አምራችና የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ለ2023ና ለ2024 ላፕቶፖች ባወጣው አሰያየም የመጀመሪያው አሃዝ ለገበያ የታሰበበት ዓመት ነው፤ 7 ለ2023፣ 8 ለ2024። ሁለተኛው የደረጃው ነው፤ 5 እና 6 ባብዛኛው ራይዘን 5 ላይ ይውላሉ፣ 7 እና 8 ደግሞ ራይዘን 7 ላይ። ሦስተኛው የቺፑን ዲዛይን ይናገራል፤ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 3 ከሆነ ዜን 3 ወይም ዜን 3 ፕላስ፣ 4 ከሆነ ዜን 4። አራተኛው 0 ወይም 5 ሆኖ ዝቅ ያለውን ከፍ ካለው ይለያል።

በዚህ ሲነበብ 7520ዩ መጀመሪያ በ2019 የወጣውን የዜን 2 ዲዛይን የያዘ፣ በ2023 ስም የተሸጠ ቺፕ ነው። 4 ኮርና 8 ትሬድ፣ 4 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ግራፊክስ አለው። 7540ዩ ዜን 4 ሆኖ 6 ኮርና 12 ትሬድ፣ 16 ሜጋባይት ኤል3 ካሽና በጣም የተሻለ ግራፊክስ አለው። በመካከላቸው 7530ዩ (ዜን 3) እና 7535ዩ (ዜን 3 ፕላስ) አሉ። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው በ5 ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ቢመስሉም የመጀመሪያው ዲዲአር4 ራምና አሮጌውን የቬጋ ግራፊክስ ይጠቀማል፣ ሁለተኛው ዲዲአር5ና ራዲዮን 660ኤም።

ስለዚህ ጭማሪው ትርጉም አለው። ሥራዎ ኢሜይል፣ ሰነድና ቪዲዮ ማየት ብቻ ከሆነ 7520ዩ ይበቃዎታል፤ ቀዝቃዛና ባትሪ ቆጣቢ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ። ይህ ቺፕ የሚቀበለው ማዘርቦርዱ ላይ የሚበየደውን ኤልፒዲዲአር5 ራም ነው፤ በኋላ መጨመር አይቻልም። ባለ8 ጊጋባይቱን ከገዙ በ8 ይኖራሉ።

ሌሎች ሦስት አንባቢዎች ይህ አሰያየም ማጭበርበር ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ኩባንያው የአሃዞቹን ትርጉም በይፋ አውጥቷል፤ ስለዚህ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ማጭበርበር ማለት ይከብዳል። ሆኖም ገዢው መጀመሪያ የሚያየው አሃዝ ለካሌንደር ተሰጥቶ፣ ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ሦስተኛው ቦታ ላይ ተወሽቋል። ቁልፉን ለሕዝብ ሰጥቶ በሩን እንደ መደበቅ ነው። ደግሞ ትርጉሙ የሚሠራው ለላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን 7600 በዚህ መንገድ ቢያነቡት የማይረባ መልስ ይሰጥዎታል።

ጭራሽ ስሙ ሲለወጥ ቺፑ የማይለወጥበትም ጊዜ አለ። ራይዘን 7 7840ኤችኤስ በሚቀጥለው ዓመት 8845ኤችኤስ ሆነ፣ ከዚያ ራይዘን 7 260 ሆኖ መጣ። ሦስቱም ዜን 4፣ 8 ኮር፣ ራዲዮን 780ኤም ናቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል የሚታየው ዋና ለውጥ የኤአይ ማስሊያው ክፍል ከ10 ወደ 16 ቶፕስ (በሰከንድ ትሪሊዮን ስሌት) ማደጉ ነው። የቀድሞውን በቅናሽ ካገኙት ያለ ሥጋት ይግዙት።

አዲሱ የራይዘን ኤአይ ስምም የራሱ ወጥመድ አለው። ራይዘን ኤአይ 9 ኤችኤክስ 370 ውስጥ ያለው ኤችኤክስ እንደ ቀድሞው ከ55 ዋት በላይ የሚበላ ቺፕ ማለት አይደለም፤ አምራቹ ከ15 እስከ 54 ዋት ባለው ልክ እንዲያስተካክለው ተትቷል። በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ያለው 370 እና ወፍራም ማቀዝቀዣ ባለው ውስጥ ያለው 370 ረዥም ሥራ ላይ በሰፊው ይለያያሉ። የሚገዙትን የላፕቶፕ ሞዴል ፍተሻ ያንብቡ፤ የቺፑ ፍተሻ ብቻውን አይበቃም።

አስተያየት፦ ድሮ 386፣ 486፣ ፔንቲየም 200 ሲባል ማንም ይገባው ነበር፤ ቁጥሩ የበለጠው ፈጣኑ ነው። ዛሬ ገዢ እንዲደናገር ሆን ተብሎ ነው የሚሰየመው። ፍጥነቱን በጊጋኸርዝ ጽፈው ቢተዉት ምን ነበረበት?

መልስ፦ ከቅሬታዎ ግማሹን እንጋራለን። ሆኖም የድሮውም ያን ያህል ንጹሕ አልነበረም። ኢንቴል ቁጥሮቹን የተወው ገዢን ለማገዝም ለማደናገርም ብሎ አይደለም፤ ተፎካካሪዎቹ 386 የሚለውን ስም ሲጠቀሙ በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቁጥሩን እንደ ንግድ ምልክት ሊጠብቅለት ስላልፈቀደ ነው። 586 መባል የነበረበት ቺፕ በ1993 ፔንቲየም የተባለው ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን መጻፍም ተሞክሮ አልሠራም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሪክስ የተባለው ቺፕ አምራች በ133 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ቺፑን ፒ166 ፕላስ ብሎ ይሸጥ ነበር፤ ባለ166 ሜጋኸርዝ ፔንቲየምን ያህላል ለማለት። ኤኤምዲ በ2001 አትሎን ኤክስፒ 1800 ፕላስ ብሎ ያወጣው በ1533 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። ፔንቲየም 4 በተቃራኒው ከፍተኛ ሜጋኸርዝ ይዞ በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ያነሰ ነበር። ኢንቴል ራሱ በዚያ ወጥመድ ተያዘ፤ ለላፕቶፕ የሠራው ፔንቲየም ኤም በ2 ጊጋኸርዝ ከዚያ በላይ ከሚሮጥ ፔንቲየም 4 ጋር ሲተካከል በጊጋኸርዝ መሸጥ አልተቻለም። በ2004 ወደ ሞዴል ቁጥር የገባው ያኔ ነው። ዛሬ ደግሞ በአንድ ቺፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮር፣ ለእያንዳንዱም መነሻና ከፍተኛ ፍጥነት ስላለ የትኛው ጊጋኸርዝ ይጻፍ?

ከቅሬታዎ የምንጋራው ክፍል ይህ ነው፤ አሮጌን በአዲስ ስም መሸጥ ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም። ኢንቴል በታኅሣሥ 2023 ይህንኑ ነጥብ አንስቶ ኤኤምዲን የሚወርፍ የገለጻ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ዒላማው ከላይ ያየነው 7520ዩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሰነዱን አነሳው። በሚቀጥለው ወር ራሱ ያወጣው ኮር 7 150ዩ ደግሞ በአሥራ ሦስተኛው ትውልድ ዲዛይን የተሠራ ነበር። ፍርዱን ለእርስዎ እንተዋለን።

ጥያቄ፦ አሥራ አራተኛ ትውልድ ሲያልቅ አሥራ አምስተኛ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አሁን የማየው ኮር 7፣ ኮር አልትራ 7፣ ቪ፣ ኤች ነው። የትኛው ከየትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ አሥራ አምስተኛ ትውልድ የሚባል አልመጣም። ኢንቴል በ2023 መጨረሻ «አይ» የምትለዋን ፊደል ጥሎ ከአንድ ጀምሮ እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረ። ባለሦስት አሃዙ ቁጥር በ1 ከጀመረ አንደኛ፣ በ2 ከጀመረ ሁለተኛ ተከታታይ ነው። አልትራ የሚል ቃል ካለበት በላፕቶፕ በኩል አዲስ ዲዛይን ነው፤ አልትራ የሌለበት ባብዛኛው የቀድሞው ዲዛይን በአዲስ ስም ነው።

ሦስት 7ዎች ብናስቀምጥ ግልጽ ይሆናል። ኮር 7 150ዩ 10 ኮርና 12 ትሬድ አለው፤ በኮር አቀማመጡ ከአይ7-1355ዩ ጋር አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ከፍ ብሏል። ኮር አልትራ 7 155ዩ 12 ኮርና 14 ትሬድ ነው፤ ከእነዚህ ሁለቱ እጅግ ቆጣቢ ኮሮች ናቸው። ኮር አልትራ 7 155ኤች ግን 16 ኮርና 22 ትሬድ ነው። 155ዩ እና 155ኤች በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ፈጣን ኮሮቻቸው 2 እና 6 ናቸው።

ቪ የሚል ካዩ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጥቅል ታሽጎ የመጣ ነው፤ በኋላ አይጨመርም። በእነዚህ ላይ የመጨረሻው አሃዝ የራሙን መጠን ይነግርዎታል፤ 6 ከሆነ 16 ጊጋባይት፣ 8 ከሆነ 32 ጊጋባይት። ኮር አልትራ 7 256ቪ ባለ16 ነው፣ 258ቪ ባለ32። በቅርብ ዓመታት ካየናቸው አሰያየሞች ይህች አሃዝ ለገዢ ከሚጠቅሙት ጥቂቶች አንዷ ናት። ሁሉም ቪዎች 8 ኮርና 8 ትሬድ ናቸው፤ ባትሪ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ረዥም የቪዲዮ ሥራ ላይ ግን ኤች ይበልጣቸዋል።

ጥያቄ፦ በራሴ ለገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ኮር አይ5-12400ኤፍ ገዛሁ። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ኤችዲኤምአይ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሰካሁት።

መልስ፦ ኤፍ ማለት በውስጡ ግራፊክስ የሌለው ማለት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ምስሉን የሚቀበለው ከፕሮሰሰሩ ስለሆነ የሚያስተላልፈው ነገር የለም። ለብቻው የሚገዛ ግራፊክስ ካርድ ያስገቡና ገመዱን ካርዱ ላይ ይሰኩት። ካርድ መግዛት ካልፈለጉ ኤፍ የሌለውን 12400 ይቀይሩ፤ በሌላው ሁሉ አንድ ናቸው።

ሌሎቹን የዴስክቶፕ ፊደሎችም ካነሣን አይቀር፦ ኬ ፍጥነቱን ራስዎ ከፍ እንዲያደርጉ የተከፈተ ነው፣ ማቀዝቀዣውም ለብቻ ይገዛል። ቲ ወደ 35 ዋት የወረደ ነው፤ ያገለገሉ ትናንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኘው አይ7 ብዙ ጊዜ ቲ ስለሆነ እንደ ሙሉው አይ7 አይሮጥም። ኤኤምዲ ላይ ኤክስ3ዲ ማለት ተጨማሪ ካሽ ሜሞሪ ከላይ ወይም ከሥር የተደረበበት ነው፤ ጌም ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፣ ለቢሮ ሥራ ግን አይታይም።

እዚህ ላይ በጣም የሚያታልለው የኤክስ መኖርና አለመኖር ነው። ራይዘን 7 5700ኤክስ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ያለውና ፒሲአይኢ 4.0 (ግራፊክስ ካርድና ማከማቻ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት መስመር) የሚሠራ ነው። ያለ ኤክስ ያለው 5700 ደግሞ ከላፕቶፕ ወገን የመጣ ዲዛይን ሆኖ 16 ሜጋባይት ካሽና ፒሲአይኢ 3.0 ብቻ አለው፤ ግራፊክሱም ተዘግቷል። 5600 እና 5500ም እርስ በርሳቸው በዚሁ መንገድ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው እንደ 5700ኤክስ፣ ሁለተኛው እንደ 5700 ነው። ገዢው ኤክስ የጠፋው ፍጥነቱ ትንሽ ስለቀነሰ ነው ብሎ ያስባል፤ ጌም ላይ ግን የካሹ ማነስ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስ ይላል። ዊንዶውስ ውስጥ ስከፍተው ዩኤችዲ ግራፊክስ ነው የሚለው። ቺፑን ቀይረውብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልቀየሩብዎትም፤ ራሙ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ የሚለው ስም እንዲታይ ራሙ በሁለት ቻናል (በሁለት መስመር ጎን ለጎን) እንዲሠራ ያዛል። አንድ ባለ8 ጊጋባይት ብቻ ከተሰካ ድራይቨሩ ስሙን ወደ ዩኤችዲ ያወርደዋል፤ የግራፊክሱ ፍጥነትም አብሮ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ሁሉንም በራሙ በኩል ነው የሚያልፈው። ታስክ ማናጀርን ከፍተው ሜሞሪ የሚለውን ይጫኑና ስንት ቦታ እንደተያዘ ያንብቡ። ከሁለት አንድ ከተባለ በመጠንም በፍጥነትም ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ራም ይጨምሩ፤ ስሙ በራሱ ይስተካከላል። የኮር አልትራ ኤች አርክ ግራፊክስም እንዲሁ ነው፤ ለእሱ ቢያንስ 16 ጊጋባይት በሁለት ቻናል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አፕል ቢያንስ አያደናግርም፤ ኤም4 ከኤም3 ይበልጣል፣ አለቀ። ሌሎቹ ለምን አይማሩም?

መልስ፦ ኤም1፣ ኤም2፣ ኤም3 ሲባል በእርግጥ ለጆሮም ለዓይንም ቀላል ነው። ግን በመጋቢት 2025 አፕል በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ምርጫ ሲያቀርብ ኤም4 ማክስና ኤም3 አልትራ ነበሩ፤ ውዱም አሮጌው ቁጥር ነበር። ኤም3 አልትራ እስከ 32 ኮር ሲኖረው ኤም4 ማክስ እስከ 16 አለው፤ በአንድ ኮር ፍጥነት ግን ኤም4 ይቀድማል። ኤም3 ፕሮ ደግሞ ከኤም2 ፕሮ አንጻር የሜሞሪ መተላለፊያው በሰከንድ ከ200 ወደ 150 ጊጋባይት ወርዷል፤ ከ12ቱ ኮሮች ፈጣኖቹም ከ8 ወደ 6 ቀንሰዋል። ከዚህ ሌላ አፕል በአንድ ስም ሥር የተለያየ የኮር ብዛት ይሸጣል፤ ኤም1 ባለ7 እና ባለ8 የግራፊክስ ኮር ሆኖ ሲሸጥ ስሙ አንድ ነበር። ሲገዙ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፉትን የኮር ቁጥሮች ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይስ? ስናፕድራጎን 7ኤስ ጄን 2 ያለው አዲስ ስልክ ይሻላል ወይስ 8 ፕላስ ጄን 1 ያለው ያለፈ ዓመት ስልክ?

መልስ፦ በፍጥነት ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው፤ 8 ፕላስ ጄን 1 በሰፊ ልዩነት ይበልጣል። የስናፕድራጎን አምራች ኳልኮም በ2021 መጨረሻ ከ888 በኋላ ወደዚህ አሰያየም ሲገባ የመጀመሪያው አሃዝ ደረጃ ሆነ፤ ጄን ደግሞ በዚያ ደረጃ ውስጥ ያለው ዙር። ኤስ ከደረጃው ዝቅ ያለ፣ ፕላስ ከፍ ያለ ነው። 7ኤስ ጄን 2 በኮር አቀማመጡ ከ6 ጄን 1 ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ኤ78 የሚባሉ 4 ኮሮችና ኤ55 የሚባሉ 4 ኮሮች አሉ፣ የ7ኤሱ ፍጥነት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ያቺ ኤስ ከ7ኛው ደረጃ ወደ 6ኛው ጎትታ አውርዳዋለች ማለት ይቻላል።

በተቃራኒው በ8 ጄን 1 ላይ ፕላሷ ትልቅ ነገር ነበረች። የመጀመሪያው 8 ጄን 1 በሳምሰንግ ፋብሪካ ተሠርቶ ሙቀት ያስቸግረው ነበር፤ ፕላሱ ወደ ታይዋኑ ቺፕ ሠሪ ቲኤስኤምሲ ሄዶ ቀዝቀዝና ቆጠብ ብሎ ተመለሰ። ሁለቱ በእኩል ዋጋ ቢቀርቡ ሳያመነቱ ፕላሱን ይውሰዱ። በ2024 ኳልኮም ቁጥሩን ትቶ 8 ኢሊት አለ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 8 ኢሊት ጄን 5። የመካከለኞቹን ኢሊቶች ፈልገው አይድከሙ፤ የሉም፣ ቆጠራው ከ8 ጄን 1 የተያያዘ ነው።

በሌላው የስልክ ቺፕ አምራች በሚዲያቴክ ላይ የሚጠነቀቁት ስም ለተቀየረላቸው ነው። ዳይመንሲቲ 7050 የቀድሞው 1080 ነው፣ 6080 የቀድሞው 810፣ 6020 የቀድሞው 700። አሮጌ ባለአራት አሃዝ 1080 ያለውን ስልክ በርካሽ ካገኙ 7050 ካለው በፕሮሰሰር አይተናነስም። ለየትኛውም ስልክ ግን የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ አይዩ፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያገኝበት የቀረው ጊዜ አሮጌው ከፍተኛ ደረጃ ስልክ ላይ አጭር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ስቲከሩ አይ7 ይላል፣ ሻጩም አይ7 ነው ይላል። ከእጄ ገንዘብ ሳይወጣ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ስቲከሩን ከቁም ነገር አይቁጠሩት፤ ተልጦ ሌላ ላይ ይለጠፋል። ላፕቶፑን ያስነሱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ሲመርጡ ሙሉ ስሙ በስተቀኝ ከላይ ይታያል፤ ከሥር የኮርና የትሬድ ብዛት አለ። ስሙን ፊደሉ ሳይቀር ይጻፉት። «አይ7-8550ዩ፣ 1.80 ጊጋኸርዝ» የሚል ካዩ አይደንግጡ፤ ያ መነሻ ፍጥነቱ ነው፣ ሲፈለግ እስከ 4.0 ይወጣል።

ዊንዶውስ ውስጥ የሚታየው ስም በጽሑፍ ደረጃ ሊነካካ ስለሚችል በዚያ አይቁሙ። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ኤፍ2 ወይም በዚያ ሞዴል ላይ የተመደበውን ቁልፍ ደጋግመው እየተጫኑ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይግቡ፤ እዚያ የሚጻፈው ከቺፑ በቀጥታ የተነበበ ነው። ወይም ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱና የቺፑን ኮድ ስም፣ የኮርና የትሬድ ብዛቱን ይዩ። ከዚያ በስልክዎ የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍተው ያንኑ ሙሉ ስም ይፈልጉና ኮሩን፣ ትሬዱንና የወጣበትን ዓመት ያመሳክሩ። ባዮሱ ላይ 2 ኮር እያለ ሻጩ ባለ4 ኮር አይ7 ነው ካለዎት ገንዘቡን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።